ቻርጀሩ «ሞልቷል» ይላል፣ መኪናው አይነሳም

ደሴ ላይ ኅዳር ከገባ ስልኬ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ይጮሃል። ደዋዩ ይለያይ እንጂ ወሬው አንድ ነው። «ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ አድሯል፤ አሁን ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም አለ።» ሞተሪኖ ማለት ሞተሩን የሚያስነሳው ነው። ዛሬ ከአራዳ፣ ነገ ከሆጤ፣ ከነገ ወዲያ ከሰኞ ገበያ።

ያው መኪና ኮምቦልቻ ቢያድር ኖሮ ምናልባት ይነሳ ነበር። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ስትደርሱ ከ2,400 ሜትር በላይ ናችሁ። ብርድ ባትሪውን ያደክመዋል፣ የሞተር ዘይቱንም ያወፍረዋል። ግማሽ የሞላ ባትሪ እታች ጉዱን ይደብቃል፤ እዚህ በጠዋት ይጋለጣል።

ቻርጀር ስታገናኙ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር፣ ሶኬቱ መጨረሻ ላይ። ስትነቅሉ ደግሞ ሶኬቱ መጀመሪያ። ይሄን ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። የማታውቁ ከሆነ ቻርጀሩን ለሚያውቅ ሰው ስጡና እናንተ ቡናችሁን ጠጡ።

በ10 ደቂቃ «ሙሉ» የሚል ቻርጀር

ከሚመጡልኝ 10 ሰዎች 7ቱ ይሄን ይዘው ነው የሚመጡት ብል አላጋነንኩም። ባትሪው ወርዷል። ቻርጀሩ ላይ ይሰካል። ትንሽ ቆይቶ አረንጓዴ ይበራል። ባለቤቱ ደስ ብሎት ይነቅለዋል። መኪናው አይነሳም። ከዚያ «ባትሪው ሞቷል» ይባልና አዲስ ይገዛል። አዲሱም በ3 ወሩ እንደዚያው ይሆናል።

አውቶማቲክ ቻርጀር የባትሪውን ሆድ አያይም። የሚያየው ቮልቴጅ ብቻ ነው። መውጫው ላይ 14.4 ቮልት አካባቢ ከደረሰና አምፔሩ (የሚፈሰው መብራት) ከቀነሰ «ጨርሻለሁ» ይላል። እንግዲህ በቻርጀሩና በባትሪው መሀል የሆነ ነገር ካነቀው አምፔሩ አያልፍም፤ ቻርጀሩ የሚያነበው የራሱን ቮልቴጅ ነው። አንገቱ የተደፈነ ጀሪካን ላይ ውሃ ስትቀዱ አፉ ላይ ሞልቶ ይፈስ የለ? ሆዱ ግን ባዶ ነው። ነገሩ እንደዚያ ነው።

ምርመራው 2 ደቂቃ አይፈጅም። ቴስተራችሁን (ቮልት መለኪያውን) 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉ። ቻርጀሩ እየሠራ መጀመሪያ ባትሪውን የሚነክሱትን መቆንጠጫዎች ፕላስቲክ ገፈፍ አድርጋችሁ የገመዱን መዳብ ለኩ። ቀጥሎ የባትሪውን የእርሳስ ምሰሶ ራሱን ለኩ። ምሰሶውን ነው ያልኩት፤ የታሰረበትን ቀለበት አይደለም። መሀሉ ላይ ጫን አድርጋችሁ ንኩት። ሁለቱ ንባቦች መቀራረብ አለባቸው። ልዩነቱ ከ0.2 ቮልት ካለፈ ችግሩ ግንኙነቱ ላይ ነው። እኔ 14.4 እና 13 ያነበብኩባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ከቧንቧ ውሃ አካባቢ አንድ አባት መጡ። ኮሮላ አላቸው። በአንድ ዓመት 2 ባትሪ ቀይረዋል።

«ልጄ፣ ሦስተኛ ልገዛ ነው። የትኛው ይበረታል?»

«አባባ፣ መጀመሪያ ቻርጀሩን ያምጡልኝ።»

«ቻርጀሩ ምንም አልሆነም፣ አረንጓዴ ያበራል።»

«እሱን ነው የፈራሁት።»

በፌስታል ጠቅልለው አመጡት። ገመዱ ሲታይ ጣት ያክላል። የመቆንጠጫውን ቀይ ፕላስቲክ ወደ ኋላ ገፈፍኩት። የገመዱ መዳብ ጫፉ ላይ ወደ ኋላ ታጥፏል፤ ብረቱ የነከሰው ግን መዳቡን ሳይሆን የገመዱን ላስቲክ ነው። ብረቱን የሚነኩት 4 ወይም 5 ክሮች ናቸው፤ ከፀጉር አይወፍሩም። እነሱም አረንጓዴ ዱቄት ለብሰዋል። ገመዱን ቆርጬ አሳየኋቸው፤ ከጣቱ ውፍረት አብዛኛው ላስቲክ ነው። ክሩን በምላጭ ፋቅ ሳደርገው ውስጡ ነጭ ሆኖ ወጣ። አሉሚኒየም ነው፣ ላዩን መዳብ ተቀብቶ! አባባ ዝም ብለው አዩትና «ይሄ ነው 2 ባትሪ የበላኝ?» አሉ።

እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ የሚሠራውም የሚሸጠውም አያፍርም። ስለዚህ ስትገዙ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። መዳብ የሚመስለው መቆንጠጫ ማግኔት ከያዘ ቀለም የተቀባ ብረት ነው። ባለሱቁ ቢቆጣ ይቆጣ።

መፍትሄው ርካሽ ነው። ገመዱን ከነመቆንጠጫው ቁረጡና ጣሉት። እስከ 10 አምፔር ለሚሰጥ የቤት ቻርጀር ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ንጹህ የመዳብ ገመድ ይበቃል፤ ከ2 ሜትር አታስረዝሙት። ጫፉን 2 ሳንቲም ላጡ፣ ወፍራም የመዳብ መቆንጠጫ ላይ በብሎን እሰሩ፣ ከዚያ በይዱ። ለስልክ ጥገና የምትጠቀሙባት ቀጭን መበየጃ አታሞቀውም፤ ትልቅ ያስፈልጋል። አንድ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። ገመዱ የሚገባው ወደ አንዱ መንጋጋ ብቻ ነው። ሌላኛው መንጋጋ መብራት የሚያገኘው በመሀል ባለው ሽቦና ስፕሪንግ በኩል ነው። ስለዚህ ሁለቱን መንጋጋዎች በአጭር የመዳብ ገመድ አገናኟቸው።

መቆንጠጫው ደህና ሆኖ ልዩነቱ ካልጠፋ ምሰሶውን እዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ቀለበቱን ፍቱት። በሚፈታበት ጊዜ ኔጌቲቩ (ጥቁሩ) ይቅደም። አንድ ማንኪያ ቢካርቦኔት ሞቅ ባለ ውሃ በጥብጡና በጥርስ ብሩሽ እሹት። ይፈላል፤ መፍላቱ ሲያቆም በንጹህ ውሃ አለቅልቁ። የባትሪው ክዳኖች ጥብቅ መሆናቸውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ቢካርቦኔት ውስጥ ከገባ አሲዱን ያበላሻል። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈትጉት። ቫዝሊን ወይም ግሪስ የሚቀባው ከታሰረ በኋላ፣ ከላይ ነው። ለስላሳ መጠጥ የምታፈሱበት ሰዎችም አላችሁ። ያጥባል፣ አልክድም። ስኳሩን ግን ማን ይጠርገው?

አንድ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ሹፌር ልል ያለውን ቀለበት ለማጥበቅ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅጥቆበት አገኘሁ። «ወንድሜ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ስለው «ጊዜያዊ ነው» አለኝ። 8 ወር ሆኖታል። ቀለበቱ ሞቆ የምሶሶውን ጎን አቅልጦታል። ልል ቀለበትን አጥብቁት፣ ወይ ቀይሩት። ወረቀት፣ ሚስማር፣ የቆርቆሮ ቁራጭ አይጠቀጠቅም።

ገመዱ ደህና፣ ሁለቱም ንባቦች እኩል ሆነው አሁንም ቶሎ «ሙሉ» ካለ በሽታው ባትሪው ውስጥ ነው። ባዶውን ለሳምንታት የቆመ ባትሪ ውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት የሚባል ቅርፊት ይጋገርበታል። በ2 አምፔር አንድ ቀን ሙሉ ሞክሩት። አንዳንዱ በከፊል ይመለሳል። ቻርጀሩ ላይ ያለችው የ«ጥገና» ቁልፍ አንዳንዴ ታግዛለች፤ ተአምር ግን አትጠብቁ። እሷን ስትጠቀሙ ባትሪውን ከመኪናው ንቀሉት።

ቻርጀሩ ባትሪውን ጭራሽ አያየውም

በጣም የወረደ ባትሪ ላይ ብዙ አውቶማቲክ ቻርጀሮች አይጀምሩም። ባትሪ መኖሩንም አያውቁም። ደህና ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከጎኑ አድርጉና ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር አገናኙት፤ ከዚያ ቻርጀሩን ስጡት። ከ10 ደቂቃ በኋላ ደህናውን አንሱት። ከማንሳታችሁ በፊት ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉ።

ቻርጅ ተደርጎ፣ አርፎም 10.5 ቮልት አካባቢ የሚቆም ባትሪ ከ6ቱ ክፍሎች አንዱ ሞቷል። እሱን የሚያድን ቻርጀር የለም።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝን ቁጥር እዚሁ ልንገራችሁ። ከቻርጀር ከተነቀለ ጥቂት ሰዓታት ያረፈ ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ካነበበ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ነው። 12 ከሆነ ሩብ አካባቢ ቀርቶታል። ወዲያው እንደነቀላችሁ የምታነቡት 13 ምናምን ውሸት ነው። አምፔሩን የባትሪውን አንድ አሥረኛ አድርጉ። 60 አምፔር ሰዓት ከተጻፈበት 6 አምፔር። ግማሽ የወረደው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈልጋል። «ፈጣን» የሚለውን ቁልፍ ቤት ውስጥ አትንኩት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

ማታ መብራቱ ሲደክም የድሮው ባለ ትራንስፎርመር ቻርጀር አብሮ ይደክማል፤ መርፌው ዜሮ አጠገብ ይተኛል። አዲሱ ደግሞ ራሱን ያጠፋል። የባሰው ግን ሄዶ ሲመጣ ነው። ብዙ ርካሽ ቻርጀሮች መብራት ሲመለስ ከቆሙበት አይቀጥሉም፤ ቁልፍ እስክትጫኑ ይጠብቃሉ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ለ5 ደቂቃ ሄዶ የመጣ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ያከሽፈዋል። ጠዋት ስታዩት ስክሪኑ በርቷል፤ «ሲሠራ አደረ» ትላላችሁ። አልሠራም። በቀን፣ እናንተ ቤት እያላችሁ ቻርጅ አድርጉ።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከውን ቻርጀር ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። የእኛ 220 ቮልት ነው። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ለመሽተት ደቂቃ አይፈጅበትም። ባለፈው ዓመት 2 ቀብሬያለሁ።

ቤት ውስጥ፣ እባካችሁ

አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ሳሎን ገባሁ። ረከቦቱ ተዘርግቷል፣ ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ እጣኑ ይጨሳል። ባትሪው ከምድጃው አንድ ክንድ ርቆ፣ ከሶፋው ሥር፣ ቻርጀር ላይ ፉት ፉት እያለ ይፈላል። ባለቤቲቱ «ውጭ ብርድ ነው ብለን ነው» አሉኝ።

«እትዬ፣ ከሁለቱ አንዱን አሁኑኑ እናውጣ።»

ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ሃይድሮጂን ያወጣል። አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ባትሪው ሲፈነዳ አሲድ ይዞ ነው የሚፈነዳ። በረንዳ ላይ ወይም በሩ በተከፈተ ጋራዥ አድርጉት። ክብሪት፣ ሲጋራ፣ ከሰል ይራቁ። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተታችሁ ሶኬቱ ጋ አጥፉት፣ አየር አስገቡ፣ ባትሪው እስኪቀዘቅዝ አትንኩት። መቆንጠጫውን መጀመሪያ አትንጠቁ፤ ብልጭታው እዚያው ጋዙ ላይ ነው የሚወጣው። ዓይን ውስጥ አሲድ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በውሃ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም። ልጆች ባሉበት አይሁን። ቀለበት እጃችሁ ላይ ካለ አውልቁ።

ውሃው ቀንሶ ሳህኖቹ ከታዩ፣ እስኪሸፈኑ ብቻ የተጣራ የባትሪ ውሃ ጨምሩ። እስከ ምልክቱ የሚሞላው ቻርጅ ካለቀ በኋላ ነው። የቧንቧ ውሃ አይሆንም። የሚጠጣ የታሸገ ውሃም አይሆንም፤ ማዕድን አለበት። አሲድ በፍጹም።

የቀሩት

ከነጭራሹ አይበራም፦ ፊውዙ። ፊውዝ በቀየራችሁ ቁጥር የሚበላ ከሆነ ውስጥ ያለው ዳዮድ (መብራቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ነው።

የድሮው ቻርጀር ይጮሃል፣ መርፌውም ጥጉ ላይ ነው፦ መቆንጠጫዎቹ ተነካክተዋል፣ ወይም ባትሪው ውስጡ ተገናኝቷል።

ባለ 24 ቮልት አይሱዙ፦ ሁለቱን ባትሪዎች ለያይታችሁ አንድ በአንድ በ12 ቮልት ሙሏቸው። አንደኛውን ብቻ ሞልቶ የሚሄድ ሹፌር ሁለቱንም ይገድላል።

በደንብ ሞልቶ በሁለተኛው ቀን ይወርዳል፦ ቻርጀሩን ተዉት። ሞተር ተነስቶ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካላነበባችሁ ጥፋቱ ሞተር ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው። ካነበባችሁ፣ ሞተር ጠፍቶ ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ የሚስበውን ነገር ፈልጉ። ብዙ ጊዜ አላርም ወይም ኋላ የተገጠመ ቴፕ ነው።

የቧንቧ ውሃው አባት ሦስተኛ ባትሪ አልገዙም። ገመዱን ቀየርኩላቸው፤ መኪናው ላይ ያለው ሞላ። «ሞቷል» ብለው ዕቃ ቤት የጣሉትን የመጀመሪያውንም በሳምንቱ አመጡት። በ2 አምፔር አንድ ቀን ከሌሊቱ አስተኛሁት። አርፎ 12.4 ላይ ቆመ። ለሞተሪኖ አይበቃም። አሁን መብራት ሲሄድ የሳሎናቸውን አምፖል ያበራል።