ወተቱ ዛሬ ስለቀነሰ ብቻ ሠራተኛ አይቆጡ፦ የዕለት መዝገብ እንዴት ይነበባል?

ደብረ ብርሃን አካባቢ ወተት የሚሰበስብ ማኅበር በሁለት ተከታታይ ቀናት እኩል ሊትር ተረክቦ አያውቅም ማለት ይቻላል። አንዷ ላም ትነጥፋለች፣ ሌላዋ ትወልዳለች፣ ውርጭ ባደረ ጠዋት አቅራቢው ያረፍዳል። ይህን የተለመደ ከፍና ዝቅ ከእውነተኛ ችግር የሚለይ ዘዴ አለ። መሠረቱን የጣለው አሜሪካዊው ዋልተር ሼዋርት ነው፤ በ1924 እ.ኤ.አ. የስልክ መሣሪያ ጥራት ለመቆጣጠር።

1. የተረከቡትን ሊትር በቀን ቅደም ተከተል ይጻፉ። ለምሳሌ፦ 212፣ 198፣ 205፣ 220፣ 201፣ 209፣ 194፣ 207፣ 215፣ 199። ለመለማመድ 10 ቀን ይበቃል፤ ለሥራ ግን 20 ይሻላል።

2. አማካዩን ያውጡ፦ 2,060 ለ10 ሲካፈል 206።

3. የእያንዳንዱን ቀን ልዩነት ከቀዳሚው ቀን ያስሉ፤ ጨመረም ቀነሰም መጠኑን ብቻ ይያዙ፦ 14፣ 7፣ 15፣ 19፣ 8፣ 15፣ 13፣ 8፣ 16። አማካዩ 12.8 ገደማ ነው።

4. ይህን በ2.66 ያባዙ (ለማንኛውም መዝገብ የማይለወጥ የዘዴው ቁጥር ነው)፤ 34 ይሆናል። 206 ላይ ሲደምሩት 240፣ ሲቀንሱት 172፤ እነዚህ የላይኛውና የታችኛው ወሰን ናቸው። በካሬ ወረቀት ላይ የአማካዩንና የሁለቱን ወሰኖች መስመር አስምረው ቁጥሮቹን በነጥብ ያስቀምጡ።

አሁን ሰባተኛውን ቀን ይዩ። 194 ከሁሉም ዝቅተኛው ቢሆንም ከ172 በላይ ነው፤ የተለየ ነገር መኖሩን አያሳይም። ሊቀመንበሩ በዚያ ቀን ተረካቢውን ቢቆጣ በማግስቱ 207 ይመጣና «ቁጣዬ ሠራ» ይላል። በአራተኛው ቀን ለ220 ቢያመሰግን ደግሞ ማግስቱ 201 ነው፤ ምስጋና ያዘናጋል ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ በጣም ዝቅ ወይም ከፍ ያለ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ወደ አማካዩ ይመለሳል። ጉዳቱ ግን ይቀራል፦ በየቀኑ የሚወቀስ ሠራተኛ ሊትር ለማሟላት ውኃ የተጨመረበትን ወተት አይቶ እንዳላየ ማለፍ ይጀምራል።

ምክንያት ፍለጋ የሚወጡት አንድ ነጥብ ከሁለቱ ወሰኖች ሲያልፍ ወይም 8 ተከታታይ ነጥቦች ከአማካዩ በአንድ ወገን ሲሆኑ ነው። ያኔ በዚያው ቀን ይጠይቁ፦ መንገድ ተቆርጧል? ከብቱን በሽታ ገብቶበታል? መኖ ተወዷል?

ሽያጭን በዚህ መንገድ ሲከታተሉ የጾም ቀናትን ለብቻ ይመዝግቡ፤ ረቡዕና ዓርብን ከሌላው ቀን መቀላቀል ወሰኑን ያሰፋና እውነተኛውን ችግር ይደብቃል።

ነጥቦቹ ሁሉ በወሰኑ ውስጥ ሆነው 206 ሊትር ራሱ ካነሰስ? ያ የሠራተኛ ጥፋት አይደለም፤ መኖውን፣ ዝርያውን፣ የመረከቢያ ሰዓቱን ማየት ያስፈልጋል። ለውጡ ገብቶ አዲሱ መጠን ሲጸና ወሰኖቹን እንደገና ያስሉ።