ከእንጦጦ ቁልቁለት በፊት፦ ካምፐር የሆነ አሮጌ ሚኒባስ ፍሬን ማሻሻል

አሮጌ ሃይኤስ ውስጥ አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ታንከር መግጠም ቀላል ነው፤ ከነጭነቱ ማቆም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ፍሬኑ ሲደክምበት ቶሎ ወደ ትልቅ ዲስክ ይሮጣል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ግን ብዙውን ጊዜ ፍሬን የሚያሸንፉት ሙቀት፣ ከፍታና የተዛባ ማስተካከያ ናቸው። ገንዘባችሁን ከዚያ ጀምሩ።

መጀመሪያ መኪናውን ሙሉ ጭነት አስይዛችሁ አስመዝኑ። 60 ሊትር ውሃ 60 ኪሎ ነው፤ የ100 አምፒር ሰዓት የሊድ ባትሪ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ቁም ሳጥኑና አልጋው ሲጨመር ሳይታወቅ ያድጋል። ፋብሪካው ከፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ካለፈ ዕቃ ይውረድ፤ የፍሬን ሸራ (ዲስኩን ወይም ታምቡሩን እየተፋተገ የሚያቆመው ክፍል) መቀየር አያድነውም። 2,500 ኪሎ የሚመዝን ቫን 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 80 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከዚህም ይበልጣል። ሞተሩ ያልያዘው ጉልበት አብዛኛው የሚያርፈው ከጎማው ጋር በሚዞሩት ዲስክና ታምቡር ላይ ነው።

ዘይትና ቱቦ

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት የዘይቱ ደረጃ ነው፦ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205፣ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ የሚፈሉበት ሙቀት ወደ 140 እና 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎቱ ይጨመቃል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። ሶማሌ ተራ ስትገዙ ቆርቆሮው ያልተከፈተ ዶት 4 ያዙ፤ 1 ሊትር ተኩል ከቱቦ ቅያሪ ጋር ይበቃል። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ አትቀላቅሉት፤ 5.1 ግን ይስማማል።

ተጣጣፊ ቱቦዎቹን አብራችሁ ቀይሩ። ያረጀ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ያብጣል፤ ዘይት ያስገባል እንጂ አይመልስም፣ ጎማውም እንደተያዘ ይቀራል። የቧንቧውን ዳዶ በተራ ቁልፍ ከፈታችሁት ጠርዙ ይላጣል፤ ዙሪያውን የሚያቅፍ የቧንቧ ቁልፍ ተጠቀሙ። የመዳብ ሮንዴላዎቹ አዲስ ይሁኑ።

ከቧንቧው አየር የሚወጣው ከማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ሲሊንደር) በጣም ከሚርቀው ጎማ ተጀምሮ ነው፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ከሆነ ቧንቧውን ተከትላችሁ አረጋግጡ። ረዳታችሁ ፔዳሉን እስከ ወለል እንዳይረግጥ ከሥሩ የእንጨት ቁራጭ አስቀምጡ። አሮጌ ማስተር ውስጥ ላስቲኩ ደርሶበት የማያውቅ ቦታ ዝገት ይይዛል፤ እዚያ ሲደርስ ይቀደዳል፣ በማግስቱም ፔዳሉ ቀስ እያለ መስመጥ ይጀምራል።

ሰርቮውና ከፍታው

ሰርቮ (የእግራችሁን ግፊት የሚያግዘው ክፍል) የሚረዳችሁ በውጭ አየርና በውስጡ ባለው ቫኪዩም (አየር የተመጠጠበት ባዶ) መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል፤ የሰርቮው እርዳታም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የቫኪዩም ጌጅ ስትገጥሙም ይህን አስቡ፦ እዚህ ከፍታ ላይ ፍጹም ቫኪዩም እንኳ ከ570 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አያልፍም። ማንዋሉ 600 ቢል ልታገኙት አትችሉም፤ ወደ 500 ከተጠጋ ቫኪዩሙን የሚፈጥረው ፖምፓ ጤነኛ ነው። በድሮዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ፖምፓው ከአልተርኔተሩ ጀርባ ነው።

ያለ ጌጅ መፈተሻው ይህ ነው፦ ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን አምስት ጊዜ ርገጡ፣ ረግጣችሁ እንደያዛችሁ አስነሡ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካላለ ቱቦውን፣ የአንድ አቅጣጫ ቫልቩንና ሰርቮውን በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፤ ርካሹ ይቅደም።

የጭነት ቫልቭ፣ የተረሳው

ብዙ ሃይኤሶች ከኋላ ዲፈረንሻል ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አላቸው። ቦዲው ጭነት ሲይዝ ዝቅ ይላል፣ ቫልቩም ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። እንግዲህ ካምፐሩ ከበደ ብለው ባሌስትራ ያስጨምራሉ፤ ቦዲው ከፍ ይላል፤ ቫልቩ «ባዶ ነው» ብሎ የኋላውን ግፊት ይቆርጣል። ሥራው ሁሉ ፊት ላይ ይወድቃል፣ የፊት ሸራ በቶሎ ያልቃል፣ ባለቤቱም ጥፋቱን ወደ ሸራው ነጋዴ ያዞራል። ማስተካከያው የዘንጉ ርዝመት ላይ ነው፤ የፊትና የኋላ ግፊት በጌጅ እየተለካ ይስተካከል። ዘንጉን በሽቦ ወደ ላይ ማሰር ግን አይሞከርም፦ በዝናብ መንገድ ኋላው ቀድሞ ይቆለፍና መኪናው ይሽከረከራል።

ታምቡር፣ ዲስክ፣ ሸራ

ስትፈቱ በክሪክ ብቻ አትተማመኑ፤ ማቆሚያ ስታንድና ታኮ ይኑር። የአሮጌ ሸራ አቧራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በኮምፕሬሰር አትንፉት፣ በውሃ አርጥባችሁ ጥረጉት። ታምቡሩ ውስጥ ትልቁ ዲያሜትር፣ ዲስኩ ላይ ትንሹ ውፍረት ተቀርጿል፤ ቶርኖ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ለኩ፣ ካለፈ ይጣል። የኋላውን ሸራ ታምቡሩ እስኪያዝ አጥብቃችሁ፣ ቀለል ያለ መፋተግ ብቻ እስኪሰማ መልሱት። የፊት ሸራ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይቀየራል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ካልበቃ ነው ትልቅ ዲስክ የሚታሰበው። ከአዲሱ ሞዴል ዲስኩን፣ ካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን)፣ ሞዞውን (ጎማው የሚታሰርበትን) እና ማስተሩን እንደ አንድ ስብስብ ውሰዱ፤ ባለ 14 ኢንች ቸርኬ ላይገባም ስለሚችል አስቀድማችሁ ለኩ። የካሊፐሩ ፒስተን ብቻ ከተለቀ የፔዳሉ ጉዞ ይረዝማል። ማስተሩን ከ7/8 ወደ 15/16 ኢንች ብታሳድጉት ደግሞ ለዚያው ግፊት 15 በመቶ ያህል የበለጠ የእግር ኃይል ይጠይቃል፤ ደካማ ሰርቮ ባለበት ይህ ትንሽ አይደለም።

አዲስ ሸራ ይገራል፦ ማለዳ በሱሉልታ ሜዳማ መንገድ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት 15 ጊዜ ያህል በፍሬን ፍጥነት ቀንሱ፣ ሳትቆሙ፣ በየመካከሉ ግማሽ ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ። ከዚያ እንጦጦን በሁለተኛ ማርሽ ውረዱና ታች ስትደርሱ የግራና የቀኙን ሙቀት በሌዘር ቴርሞሜትር ለኩ፤ ልዩነቱ ከ30 ዲግሪ ካለፈ አንዱ ካሊፐር ተይዟል ወይም ሌላው እየሠራ አይደለም። ፍሬኑ ከሸተተ በታኮ አቁሙት እንጂ የእጅ ፍሬን አትሳቡ፣ የጋለ ታምቡር ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ ሸራው ላይ ይነክሳልና። ውሃም አትድፉበት፤ ዲስኩ ይሰነጠቃል።