የጂፒኤስ ጨዋታችሁ ሜዳ ላይ ሲበላሽ፦ ችግርና መፍትሄ

በስልክ ቦታ እየፈለጉ የሚጫወቱትን ጨዋታ ቤት ተቀምጦ ካርታ ላይ መንደፍ ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው ተጫዋቾቹ ሲወጡ ነው። ስልኩ ካርታው ላይ አንዲት ነጥብ ቢያሳይም፣ የሚያውቀው "እዚህ ክብ ውስጥ የሆነ ቦታ ነህ" የሚለውን ብቻ ነው። ጨዋታውን ለክቡ ንደፉት። ምሳሌዎቼ ከአዲስ አበባ ናቸው።

ችግር፦ ተጫዋቹ ቦታው ላይ ቆሟል፣ ጨዋታው "ገና አልደረስክም" ይለዋል

መንስኤው የጠበበ ክልል ነው፤ ክልል የምለው በነጥቡ ዙሪያ ጨዋታው "ደርሰሃል" የሚልበትን ርቀት ነው። ሰማዩ በደንብ በሚታይበት ቦታ እንኳ ተራ ስልክ ወደ 5 ሜትር ይስታል። ሰንጋ ተራ አካባቢ፣ በረጃጅሞቹ የባንክ ሕንፃዎች መካከል ደግሞ ሲግናሉ ከግድግዳ እየነጠረ ስለሚደርስ ስሕተቱ አሥር ሃያ ሜትር አልፎ ይሄዳል። ስልኩ ራሱ የስሕተቱን ግምት ይሰጣችኋል፤ ተጠቀሙበት። ግን አትመኑት፦ አንድሮይድ በሚሰጠው ክብ ውስጥ ተጫዋቹ የመገኘት ዕድሉ 68 በመቶ ነው። ከሦስት ጊዜ አንዱን ተጫዋቹ ከክቡ ውጭ ነው ማለት ነው።

መስቀል አደባባይን በመሰለ ገላጣ ቦታ 15 ሜትር ክልል ይበቃል። ሕንፃ ሥር ከሆነ 40 አድርጉት፣ ወይም ነጥቡን አንሱት። እኔ የምወደው መፍትሄ ግን ሌላ ነው፦ ጂፒኤሱ ተጫዋቹን እስከ አካባቢው ያድርሰው፣ መድረሱን ዓይኑ ያረጋግጥ። ለገሃር ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ላይ ምን እንደተቀረጸ ጠይቁት። እዚያ ሳይሄድ ነጥብ መውሰድም ይከብደዋል።

ችግር፦ ተጫዋቹ ቆሞ ሳለ ክልሉ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል

ስልኩ የሚያሳየው ነጥብ እየዘለለ ነው። መግቢያውን 20 ሜትር፣ መውጫውን 35 አድርጉ። ጥቂት ሰከንድ በተከታታይ ውስጥ ከቆየ ብቻ ቁጠሩለት።

ችግር፦ ነጥቦቹ ሁሉ ካርታው ላይ የሉም

አዲስ አበባ በግምት ኬክሮስ 9.03፣ ኬንትሮስ 38.74 ላይ ናት። ሁለቱን ካገላበጣችኋቸው ጨዋታው ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ባሕር ውስጥ ይገባል። ጎግል ማፕ ኬክሮስን ያስቀድማል፣ የጂኦጄሰን ፋይል (የካርታ ነጥቦች የሚቀመጡበት) ኬንትሮስን። ነጥቦቹ ጠፍተው ሳይሆን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከመቶ ሜትር በላይ ከተገፉ ግን ከድሮ የወረቀት ካርታ የተወሰዱ ሊሆኑ ይችላሉ። እነዚያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መነሻ ነው፣ ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባል ሌላ። ነጥቦቹን ወደዚህ ቀይሯቸው።

ችግር፦ መጀመሪያ ላይ ቦታ አይገኝም

ሳተላይቱ መረጃውን የሚልከው በሰከንድ 50 ቢት ብቻ ነው። ስልኩ የሚያስፈልገው ክፍል በየ30 ሰከንዱ ይደገማል። ዳታ ያለው ስልክ ይህንኑ ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ ቶሎ ይነሳል። ስለዚህ ገላጣ ቦታ ላይ ሰብስቧቸው፣ አፑን አስከፍቱና ሕጉን አስረዱ። ጨርሳችሁ እስክትለቋቸው ስልኮቹ ይደርሳሉ።

ባትሪ ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ፣ ዒላማው ሩቅ ሳለ ቦታ በየሰከንዱ አትጠይቁ።

ችግር፦ ተጫዋቹ ቀስቱን እያየ አስፋልት ውስጥ ይገባል

ከሁሉ በፊት ማስተካከል ያለባችሁ ይህንን ነው። ቀስቱ ወደ ዒላማው የሚያሳየው ቀጥታ መስመር ነው፤ ቀለበት መንገድን፣ አጥርን፣ ወንዝን አያውቅም። ልጆች ከሆኑማ አደጋው የከፋ ነው። ሁለት ተከታታይ ነጥቦችን ከትልቅ መንገድ ወዲያና ወዲህ አታስቀምጡ። ማሻገር ግድ ከሆነ የእግረኛ ድልድዩን ራሱን የጨዋታው ነጥብ አድርጉት፣ እዚያ ሳይደርስም ቀጣዩ ቀስት አይከፈትለት። ጨዋታውን ከመልቀቃችሁ በፊትም መንገዱን በሙሉ በእግራችሁ ሂዱበት፣ ተጫዋቾቹ በሚወጡበት ሰዓት።