የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ጥገና ሙያን ከመሠረቱ እንዴት መማር ይቻላል

የተበላሸ መሣሪያ ከፍቶ የተቃጠለውን ክፍል በአዲስ መተካት ብዙ ትምህርት አይጠይቅም፤ ሙያው ያለው የተበላሸው የትኛው ክፍል እንደሆነና ለምን እንደተበላሸ ለይቶ በማወቅ ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ መሰማራት የሚፈልግ ሰው ሥልጠናውን ከመጀመሪያው ጀምሮ በምርመራ ዙሪያ ቢያደራጀው ይሻላል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተልም ይህንኑ ታሳቢ ያደረገ ነው።

1. ስሌቱንና ክፍሎቹን አብሮ መማር

የሚያስፈልገው ሒሳብ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ቮልቴጅ (የኤሌክትሪክ ግፊት) የከረንትና (የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት) የሬዚስታንስ (ፍሰቱን የሚገታው ኃይል) ብዜት፣ ኃይል ደግሞ የቮልቴጅና የከረንት ብዜት መሆኑን በሚገባ የተረዳ ሰው አብዛኛውን የጥገና ስሌት ይወጣዋል። ቁም ነገሩ የተሰላውን ወዲያው ሠርቶ መለካት ነው። ለምሳሌ 2 ቮልትና 10 ሚሊአምፒር የሚበቃትን ኤል.ኢ.ዲ. (ትንሽ መብራት) በ12 ቮልት ባትሪ ለማብራት ቢፈለግ፣ ቀሪው 10 ቮልት የሚያርፈው ከረንት በሚገታው ክፍል፣ በሬዚስተሩ ላይ ስለሆነ 1000 ኦም ሬዚስተር ያስፈልጋል፤ በሙቀት መልክ የሚወጣውም ኃይል 0.1 ዋት ብቻ በመሆኑ ሩብ ዋት የሚችል ሬዚስተር ይበቃዋል። ሠልጣኙ ይህን ገጣጥሞ ሲለካ ከስሌቱ ጥቂት የራቀ ቁጥር ያገኛል፤ ልዩነቱ ከሬዚስተሩ ይሁን ከባትሪው ወይም ከመብራቷ ለማወቅ ሲሞክር የመጀመሪያውን ምርመራ አካሄደ ማለት ነው።

ስለ እያንዳንዱ ክፍል ሲማር እንዴት እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚበላሽም ማወቅ ይኖርበታል። ሬዚስተር ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የኦም መጠኑ ይጨምራል ወይም ጭራሹን ይቋረጣል፤ ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል) እና ትራንዚስተር (ከረንትን የሚከፍትና የሚዘጋ ክፍል) ብዙ ጊዜ ሾርት ያደርጋሉ፣ ማለትም ከረንት ሳይገታ በቀጥታ ያልፍባቸዋል፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ደግሞ በሙቀት ብዛት ውስጡ እየደረቀ ይዳከማል፤ አንዳንዴ አናቱ ያብጣል፣ አንዳንዴ ግን ምንም ምልክት አያሳይም።

2. ከጉዳት መጠበቅ

ይህ ክፍል ለነገ የሚባል አይደለም። 230 ቮልት የሚገባው ፓወር ሰፕላይ (ለመሣሪያው ኃይል የሚያቀርበው ክፍል) ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር እስከ 325 ቮልት ገደማ ይሞላል፤ መሣሪያው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ (ቻርጅ) ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ቦርዱን ከመንካት በፊት በካፓሲተሩ ጫፎች ላይ ያለውን ቮልቴጅ መለካት፣ ቻርጅ ካለው ጥቂት ሺህ ኦም ባለውና በርከት ያለ ዋት በሚችል ሬዚስተር ማራገፍ፣ ከዚያም መልሶ መለካት ያስፈልጋል። ሁለቱን ጫፎች በጠመንጃ መፍቻ ማገናኘት የተለመደ ቢሆንም ብልጭታው ቦርዱንም ሠራተኛውንም ይጎዳል። ማይክሮዌቭ ምድጃና ባለ ቱቦ ስክሪን የድሮ ቴሌቪዥን ለጀማሪ የሚሰጡ መለማመጃዎች አይደሉም፤ የመጀመሪያው በሺዎች፣ ሁለተኛው ከ20,000 በላይ በሚደርስ ቮልት ይሠራሉ።

3. መልቲሜትርን በሚገባ መልመድ

መልቲሜትር ቮልቴጅን፣ ከረንትንና ሬዚስታንስን የሚለካ መሣሪያ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደህና መሆናቸው የታወቀ ክፍሎችን ደጋግሞ በእሱ መለካት ይጠቅማል፤ ደህናውን የማያውቅ ብልሹውን ሊለይ አይችልም። ደህና የሲሊከን ዳዮድ በዳዮድ መለኪያው በአንድ አቅጣጫ ከ0.5 እስከ 0.7 ቮልት ያሳያል፣ በተቃራኒው አያሳልፍም። ሬዚስታንስ የሚለካው ኃይል በተቋረጠበት ቦርድ ላይ ብቻ ነው። ከረንት ከለኩ በኋላ ሽቦውን በአምፒር መሰኪያው ላይ እንደተወ ቮልቴጅ ለመለካት መሞከር ሾርት ያስከትላል፤ መለኪያው ጥሩ ፊውዝ ያለው ከሆነ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ከሌለው ግን ነገሩ የከፋ ነው።

4. ብየዳ

ልምምዱ በተጣሉ ቦርዶች ላይ ይሁን፤ ከመግጠም ይልቅ ለመንቀል የበለጠ ጊዜ ይመደብ፤ ምክንያቱም ቦርድ የሚበላሸው በአብዛኛው በመንቀል ጊዜ ነው። 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ ያለበት የብየዳ ሽቦ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ እርሳስ የሌለበት የተለመደው ዓይነት ደግሞ 217 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። የብየዳ ካውያው ጫፍ የክፍሉን እግርና የቦርዱን መዳብ በአንድ ላይ ያሞቃል፤ ሽቦው የሚቀርበውም ወደ ካውያው ሳይሆን ወደ ሞቀው መገናኛ ነው። የብየዳው ጭስ ሳንባን ስለሚያስቆጣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መሥራት፣ እርሳስ ከነኩ በኋላም ከመብላት በፊት እጅ መታጠብ ይገባል።

5. በእውነተኛ ብልሽት ላይ መሥራት

ከቻርጀር፣ ከድምፅ ማጉያና ከራዲዮ መጀመር ይመረጣል። ባለቤቱን መጠየቅ የምርመራው አካል ነው፤ ዕቃው በድንገት ነው የጠፋው ወይስ እየደከመ? መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው ወይስ ውሃ ነክቶት? ከዚያ በዓይን ማየትና ማሽተት፣ ቀጥሎም የፓወር ሰፕላዩን ውጤት መለካት ይከተላል።

አንድ ጉዳይ ቀረብ ብለን እንመልከት። መሣሪያው ጨርሶ አይነሳም፤ ሲከፈት ፊውዙ ተቃጥሎ መስታወቱ ውስጡ ጠቁሯል። ሌላ ፊውዝ መግጠም ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ጥቁረቱ ከፍተኛ ከረንት እንዳለፈ ስለሚጠቁም ሾርት ያደረገ ክፍል መፈለግ አለበት። በቅድሚያ የሚፈተሹት ከፊውዙ ቀጥለው ያሉት የሶኬቱን ኤሌክትሪክ (ኤሲ) ወደ ዲሲ የሚቀይሩት አራቱ ዳዮዶችና ከትራንስፎርመሩ ጋር የተያያዘው ዋናው ትራንዚስተር ናቸው። ትራንዚስተሩ ሾርት ሆኖ ከተገኘ አብረውት ያሉትን ትናንሽ ሬዚስተሮችም መለካት ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይሄድምና። ከተቀየረ በኋላ በቀጥታ ወደ ሶኬት አይሰካም፤ 60 ወይም 100 ዋት ባለ ክር አምፖል በመስመሩ ላይ በተከታታይ ይገባና ይሞከራል። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ካፓሲተሩ ተሞልቶ ሥራው ጤናማ እየሆነ ነው፤ እንደደመቀ ከቆየ ግን ሾርቱ ገና አልተገኘም።

6. ትምህርት ቤት፣ ልምምድና ማስታወሻ

የሙያ ትምህርት ቤት ሲመረጥ ዋናው መመዘኛ ተማሪው በጠረጴዛ ላይ ከመሣሪያ ጋር የሚያሳልፈው ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ በሚሠራ የጥገና ቤት ልምድ ባለው ባለሙያ ሥር መቆየት የግድ ይላል፤ ባለሙያው የሚያደርገውን ከማየት ባሻገር «ለምን እዚያ ለካህ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ያስተምራል። የሕክምና መሣሪያ ወይም የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ጥገና የራሱን ተጨማሪ ሥልጠና ይጠይቃል።

ለእያንዳንዱ ዕቃ የመሣሪያው ሞዴል፣ የታየው ምልክት፣ የተለካው ቁጥርና የተገኘው ምክንያት በማስታወሻ ይመዝገብ። በደህና ቦርድ ላይ የተለካ ቮልቴጅም አብሮ ቢጻፍ፣ ተመሳሳይ ቦርድ ተበላሽቶ በሚመጣበት ቀን የቴክኒክ ሰነዱ ባይገኝ እንኳ ማነጻጸሪያ አይጠፋም።