የእርማት ክምር እንዳይውጣችሁ፦ ለአዲስ የእንግሊዝኛ መምህራን

ሱሉልታም ሆነ ለገጣፎ ለተመደበ አዲስ የእንግሊዝኛ መምህር ጉልበት የሚጨርሰው ከማስተማሩ ይልቅ እርማቱ ነው። አስሉት፦ አምስት ሴክሽን ይዛችሁ በየክፍሉ 60 ተማሪ ካለ 300 ደብተር ነው። ለአንዱ 2 ደቂቃ ብቻ ብትሰጡ 10 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ሁሉንም በአንዴ አትሰብስቡ። በቀን ከአንድ ሴክሽን 20 ደብተር ብቻ ውሰዱ፤ በሦስት ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። የቀኑ ሥራ 40 ደቂቃ ስለሆነ በባዶ ክፍለ ጊዜያችሁ እዚያው ጨርሱት። ደብተር ተሸክሞ ታክሲ መሰለፍ የሚመከር አይደለም።

ስታርሙ አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ ፈልጉ። የሳምንቱ ትምህርት ያለፈ ጊዜ ከሆነ «ሂ ጎ የስተርዴይ» የሚለው ላይ «ጎ»ን አስምሩበት፤ ትክክሉን ግን አትጻፉለት፣ ተማሪው ራሱ ያስተካክል። የፊደል ግድፈቱን ለጊዜው እለፉት። ገጹ በቀይ ከተሞላ ተማሪው የቱን እንደሚያስተካክል ግራ ይገባውና ደብተሩን ይዘጋዋል።

የቃላትና የሰዋስው መልመጃዎችን መልሱን ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ ተማሪዎቹ ደብተር ተቀያይረው ይተራረሙ። የተከታታይ ምዘና ውጤት ግን የእናንተ ሥራ ነው፤ በዕለቱ ማርክ ሊስት ላይ አስፍሩት።