ድመቷን ከማባረርዎ በፊት፦ የሕፃን ሽፍታ ከምን እንደመጣ እንዴት ይለያል?

በወሎ ገጠር ድመቷ ጎተራውን ከአይጥ ትጠብቃለች፣ ውሻው በረቱን። በደጋው ደግሞ በጎቹ ሌሊቱን ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩበት ቤት አለ። እንዲህ ባለ ቤት ሕፃን ሽፍታ ሲያወጣ ጣት የሚቀሰረው ወደ እንስሳቱ ነው። ደሴ የማውቃት አንዲት እናት በአምስት ወር ልጇ ጉንጭ ላይ ሽፍታ ስታይ ድመቷን ለዘመድ ሰጠች። ሽፍታው ግን አልለቀቀም። በኋላ ሐኪም ሲያየው ችፌ ሆኖ ተገኘ፤ ያባብሰው የነበረውም ልጁ የሚጠቀለልበት የሱፍ ባና ነበር።

እንስሳ አለርጂ አያመጣም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በመጀመሪያው ዓመት ለቆዳ ሽፍታ ከድመት አለርጂ ይልቅ ሌሎች ምክንያቶች ይበዛሉ። እነርሱን አስቀድሞ ማጣራት ልጁን ከወራት ማሳከክ ያድነዋል።

1. አደጋውን ያጣሩ

ሽፍታው ከትኩሳት ጋር ከመጣ፣ ልጁ ጡት አልይዝ ካለ ወይም ከፈዘዘ፣ ከንፈሩ ካበጠ፣ ሲተነፍስ ሲር ሲር ካለ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ካተኮሰ ወይም መግል የቋጠረ ሽፍታ ካወጣም እንዲሁ። የጠራ ብርጭቆ በሽፍታው ላይ ጫን ያድርጉ፤ ከብርጭቆው ሥር የማይደበዝዝ ሐምራዊ ነጠብጣብ፣ በተለይ ትኩሳት ካለ፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። ትኩሳት፣ ሳልና የዓይን መቅላት ቀድሞ ሽፍታው ከጆሮ ጀርባና ከፊት ጀምሮ ወደ ታች ከወረደ ኩፍኝን ይጠርጥሩ። የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 እና በ15 ወር ነውና ከዘጠኝ ወር በታች ያለ ልጅ ገና አልተከተበም።

2. ልብሱን አውልቀው በቀን ብርሃን ይመልከቱ

በኩራዝ ወይም በአምፖል ብርሃን የታየ ሽፍታ ያሳስታል። በር አጠገብ ሆነው ከጆሮ ጀርባ እስከ እግር ጣት መካከል ይፈትሹ። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ቆዳው ጠቆር፣ ግራጫ ወይም ወይን ጠጅ መልክ ይይዛል። ስለዚህ በመዳፍዎ ይዳስሱት፤ ሻካራነቱ ዓይን ያልያዘውን ይነግርዎታል። በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሽፍታው ሊጠፋ ይችላል።

3. ቦታውን ያንብቡ

ችፌ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ጉንጭን፣ የራስ ቆዳን፣ የክንድና የእግርን ውጫዊ ክፍል ያደርቃል፤ ያሳክካል፤ ከዳይፐር ሥር ያለውን ቆዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። በአንገትና በብብት እጥፋት የሚወጣው ረቂቅ ሽፍታ የሙቀት ነው። ይህ የኮምቦልቻና የከሚሴ ልጆች ብቻ ችግር አይመስልዎ፤ በደሴና በወገል ጤና ብርዱ ተፈርቶ በሦስት በአራት ልብስ የተጠቀለለ ሕፃንም ያልበዋል። በመዳፍና በእግር ሥር ጭምር የወጣ፣ ሌሊት የሚብስ ማሳከክ ካለና ሌላው ቤተሰብም የሚያክ ከሆነ እከክ ነውና ሁሉም አብሮ መታከም አለበት። ክብ ሆኖ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ መሐሉ የጠራ ከሆነ ጭርት ነው፤ ይህ ከድመትም ከጥጃም ይተላለፋል።

4. ቁንጫውን ይፈልጉ

ድመቷ ጥፋተኛ ስትሆን እንኳ ብዙ ጊዜ ልጁን የሚጎዳው ቁንጫዋ ነው። ንክሻው በእግር፣ በወገብና በተጋለጠ ቆዳ ላይ ሁለት ሦስት ሆኖ ተጠጋግቶ ይወጣል፤ መሐሉ ላይ ትንሽ ነጥብ አለችው። የቁንጫ እንቁላል ከድመቷ ላይ እየረገፈ በወለሉ አቧራና በመደቡ ምንጣፍ ይፈለፈላል። ድመቷን ብቻ ቢያስወጡ የተፈለፈለው ቤት ውስጥ ይቀራል፤ እንዲያውም የሚነክሰው ድመት ሲያጣ ወደ ሰው ያዘነብላል። መኝታውን በፈላ ውኃ ይጠቡ፣ ፀሐይ ላይ ያስጡ፤ የአፈሩን ወለል ውኃ ረጭተው ይጥረጉ፣ ስንጥቁን በደንብ ይለቅልቁ። ይህንን ለሳምንታት ይደጋግሙት፤ ገና ያላደገው ቁንጫ በሚሸፍነው ድር ውስጥ የተደበቀው ቆይቶ ይወጣልና። አጥብቄ የምለምንዎ ግን ለማሳ የተገዛ ፀረ ተባይ ሕፃን ባለበት ቤት እንዳይረጩ ነው።

5. አለርጂ መሆኑን የሚያሳምኑ ምልክቶች

አለርጂ የሚቀሰቅሰው በእንስሳው ምራቅ፣ ሽንትና የቆዳ ፍርፋሪ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ፀጉሩ ተሸካሚ ብቻ ነው። ውሻው በላሰው ቦታ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ሳማ የለበለበው የሚመስል እብጠት ወጥቶ በአንድ ቀን ውስጥ ያለ ጠባሳ ከጠፋ፣ ይህም ማስነጠስና የዓይን ማሳከክ ተጨምሮበት በተደጋጋሚ ከታየ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ማስነጠስ ብቻውን አይበቃም፤ የቡናው ዕጣንና እናትየው የምትሞቀው ወይባ ጭስም ሕፃን ያስነጥሳል። ምግብም ይታሰብ፦ እንቁላል፣ የላም ወተትና ለውዝ።

ማስታወሻ ይያዙ። ቀኑን፣ የበላውን፣ የለበሰውን፣ የነካውን እንስሳ ይጻፉ። ልጁ ድመት በሌለበት በአያቱ ቤት ሲሰነብት የታየውን ለውጥም ያስፍሩ። ድመቷን ለሳምንት አርቆ መሞከር አይፈርድም፤ ፕሮቲኑ እንስሳው ከሄደ በኋላ እንኳ ለወራት በቤት ውስጥ ይቆያል። ሐኪም አለርጂ መሆኑን እስኪያረጋግጥ ድረስ ድመቷ ከመኝታ ክፍል ትውጣ፤ እርስዎም እንስሳ ነክተው ልጁን ከማቀፍዎ በፊት እጅዎን ይታጠቡ። ከተወለዱ ጀምሮ ከብት ባለበት ግቢ ያደጉ ልጆች ባነሰ መጠን በአለርጂ እንደሚያዙ በአውሮፓ ገጠሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋልና በረቱን ሁሉ አይጥሉት።

6. ቆዳውን ያስታግሱ

ለብ ባለ ውኃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያጥቡት፤ እርጥበቱ ሳይደርቅ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይቀቡት። ከገላው ቀጥሎ ጥጥ ይልበስ፤ ባናው ከላይ ይደረብ። የሽንት ጨርቁን ሁለት ጊዜ ያለቅልቁ። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ያቃጥላሉ፤ ቅቤም ለቆሰለ ቆዳ አይሆንም። ሐኪም ያላዘዘውን የስቴሮይድ ቅባት ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በሕፃን ፊት ላይ መቀባት ቆዳውን ያሳሳል። ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው፣ አባትም ቢሆን፣ ችፌ ያለበትን ልጅ አይሳም፤ ቫይረሱ በተቆጣ ቆዳ ላይ ፈጥኖ ተሰራጭቶ ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ያመጣል።

ሽፍታው በሁለት ሳምንት ካልተሻለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ያማክሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ትልክዎታለች። ከደሴ ወጣ ብሎ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ሲሄዱ ፎቶውንና ማስታወሻውን ይያዙ፤ የተቀቡትን ቅባት ሁሉ ከነማሸጊያው፣ የባሕል መድኃኒት ከሆነም ሳያፍሩ ለሐኪሙ ያሳዩ።