ዳያዚፓም ሲታዘዝልዎ፦ ስለ ጥቅሙ፣ ስለ ጉዳቱና ስለ አቋራረጡ

ዳያዚፓም በብዙዎች ዘንድ ቫሊየም በሚለው የንግድ ስሙ የሚታወቅ የጭንቀት ማስታገሻ ነው። የስዊዘርላንዱ ሮሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ለገበያ ካቀረበው ጀምሮ በዓለም ላይ እጅግ ከታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ሲሆን፣ ከአልፕራዞላም፣ ከሎራዜፓምና ከክሎናዜፓም ጋር ቤንዞዳያዜፒን ከሚባለው የመድኃኒት ወገን ይመደባል። በአገራችንም በሆስፒታልና በመድኃኒት ቤት ይገኛል። በትክክል ከተወሰደ ጠቃሚነቱ አያጠያይቅም፤ ጣጣው የሚመጣው ለጥቂት ሳምንት የታሰበው መድኃኒት ማንም ሳያስበው ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት ሲቀጥል ነው። ስለዚህ የማቆሚያው ነገር መነሳት ያለበት መድኃኒቱ በታዘዘበት ዕለት፣ ገና ከሐኪሙ ክፍል ሳይወጡ ነው።

ለምን ይታዘዛል?

አንጎላችን የነርቭ ሕዋሳትን እንቅስቃሴ የሚያረጋጋ ጋባ የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ዳያዚፓም የዚህን ንጥረ ነገር ሥራ ስለሚያጠናክር ጭንቀትን ያቀልላል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ጡንቻን ያላላል፣ የሚጥል በሽታ መንቀጥቀጥንም ያስቆማል። በዚህ ምክንያት አልቆም ላለ የሚጥል በሽታ፣ በመንጋጋ ቆልፍ ለተያዘ ታማሚ፣ ለዓመታት ሲጠጣ ኖሮ አልኮል በድንገት ላቆመ ሰው፣ እንዲሁም ከቀዶ ሕክምና በፊት ለማረጋጊያነት ይሰጣል። በእነዚህ ቦታዎች ሕይወት ያተርፋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለጭንቀት ሲሆን ግን ቦታው ጠበብ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ የቤንዞዳያዜፒን መድኃኒቶችን ለአዋቂዎች የዘወትር ጭንቀትና ለድንገተኛ የፍርሃት ሕመም መታከሚያነት አይመክርም፤ ድንገተኛና ከባድ ጭንቀት ሲያጋጥም ቢሰጡም እንኳ ከ3 እስከ 7 ቀን እንዳያልፍ ያሳስባል። የብሪታንያ የአሠራር መመሪያዎች ትንሽ ሰፋ አድርገው፣ ሰውን ከሥራውና ከኑሮው ለሚያስተጓጉል ከባድ ጭንቀት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈቅዳሉ። ልዩነት ቢኖራቸውም ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ቀናትና ስለ ሳምንታት ነው።

ለረጅም ጊዜ ሕክምና ሐኪሞች የሚመርጡት በአብዛኛው እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉትን መድኃኒቶችና የንግግር ሕክምናን ነው። ችግሩ እነዚህ መድኃኒቶች ለውጥ ለማሳየት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ፤ እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱን ሊያብሱ ይችላሉ። ዳያዚፓም በአንጻሩ በሰዓት ጊዜ ውስጥ ይሰማል። ሐኪሙ ሁለቱን አብሮ ሲያዝ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለመሻገር አስቦ ሊሆን ይችላል፤ ታካሚው ግን «ይኼኛው ነው የሠራልኝ» ብሎ ሰርትራሊኑን ይጥልና ዳያዚፓሙን ይዞ ይቀራል። ሁለት ዓይነት ፍሬ ከተሰጠዎ የትኛው የሚቆም፣ የትኛው የሚቀጥል እንደሆነ አስረድተው እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ።

ከመጀመርዎ በፊት

በቅድሚያ ጭንቀቱ በእርግጥ ጭንቀት መሆኑ ይጣራ። የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እንቅልፍም ይጠፋል፤ የደም ማነስም የልብ ምት ያፈጥናል። በቀላል የደም ምርመራ ሊታወቅ የሚችልን ሕመም በማረጋጊያ መሸፈን ጊዜ ማባከን ነው። ቀኑን ሙሉ ጫት የሚቅም ወይም እስከ ማታ ድረስ ቡና የሚደጋግም ሰውም ይህንኑ ለሐኪሙ ሳያፍር ቢናገር፣ አንዳንዴ መድኃኒቱ ራሱ ላያስፈልገው ይችላል።

ከባድ የሳንባ ሕመም ያለበት፣ በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ ጉበቱ ክፉኛ የተጎዳ፣ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው የጡንቻ መዛል ሕመም ያለበት ወይም ጠባብ ማዕዘን ግላኮማ በሚባለው የዓይን ሕመም የተያዘ ሰው ዳያዚፓም ከመውሰዱ በፊት ለሐኪሙ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ነፍሰ ጡር ሴትም እንዲሁ፤ በእርግዝናው መጨረሻ አካባቢ ከተወሰደ ሕፃኑ ዝልፍልፍ ብሎ፣ መጥባት ተስኖት ሊወለድ ይችላል። መድኃኒቱ ወደ ጡት ወተትም ያልፋል። ቀድሞ የመጠጥ ወይም የሌላ ነገር ሱስ የነበረበት ሰው ደግሞ ከሌላው ይልቅ ለዚህ መድኃኒት ተገዢ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነውና አይደብቅ።

አወሳሰዱ

ለአዋቂ የጭንቀት ሕክምና የተለመደው አጀማመር 2 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ሲሆን፣ ሐኪሙ እንደ ሁኔታው በቀን ከ15 እስከ 30 ሚሊግራም ሊያደርሰው ይችላል። ለአረጋውያን የዚህ ግማሽ ይበቃል። የእርስዎ መጠን ግን ማዘዣዎ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው፤ የጎረቤትዎ መጠን ለእርስዎ አይሆንም። ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ ሊወሰድ ስለሚችል፣ ጾም ላይ ያለ ሰው ሰዓቱን ወደ ማታና ወደ ሌሊት ማዛወር ይቻል እንደሆነ የመድኃኒት ባለሙያውን ጠይቆ ያስተካክላል እንጂ በራሱ ጊዜ አያቋርጥም። የረሱት ካለ ይዝለሉት፤ ለማካካስ ብለው ሁለቱን ባንድ ላይ አይዋጡ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የዚህ መድኃኒት ጠባይ ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ መሆኑ ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ከ20 እስከ 50 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ጉበት ከእሱ የሚሠራው ሌላ ንጥረ ነገር ደግሞ እርሱም እንደ ዳያዚፓሙ የሚያደነዝዝ ሲሆን እስከ 100 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። የሰኞው ሳይወጣ የማክሰኞው ይጨመርበታል ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ምንም ያልተሰማው ሰው በ5ኛው ወይም በ6ኛው ቀን ድብታ፣ የአፍ መያያዝና የእግር መተሳሰር ሊያጋጥመው ይችላል። ማታ የወሰደ ሹፌር ጠዋት ላይ ነቃሁ ቢልም ፍሬን የሚረግጥበት ፍጥነት ግን ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ መጠኑ በተለወጠ ቁጥርም፣ መኪናም ሆነ ባጃጅ መንዳት፣ የሚሽከረከር ማሽን ላይ መሥራትና መሰላል መውጣት ይቅር።

ለአረጋውያን ጉዳዩ ከዚህም ይከፋል። እናታችን ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ተንገዳግደው ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ሲሰበር፣ ቤተሰቡ መንስኤው ከራስጌ ያለው ፍሬ ሊሆን እንደሚችል የሚያስበው እንኳን አይገኝም። የመርሳት ነገርም ያመጣል፤ ትናንት የተነጋገሩትን ዛሬ አለማስታወስ የእርጅና ብቻ ተደርጎ ይታለፋል። ጥቂት ሰዎች ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይታያል፦ መረጋጋት ሲገባቸው ይቆጣሉ፣ ይቅበጠበጣሉ፣ ያልተለመደ ጠብ ይፈጥራሉ። ይህ ከታየ በቶሎ ወደ ሐኪሙ መመለስ ነው።

አብሮ የማይወሰድ

ከሁሉ የሚከፋው አልኮል ነው። ጠላም ይሁን ጠጅ፣ አረቄም ይሁን ቢራ፣ ሁለቱ አንጎልን በተመሳሳይ መንገድ ስለሚያደነዝዙ አንድ ላይ ሲሆኑ ትንፋሽ እስከ ማቆም ሊያደርሱ ይችላሉ። እንደ ትራማዶል፣ ኮዴይንና ሞርፊን ያሉ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎችም እንዲሁ ናቸው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከእነዚህ ጋር አብሮ መውሰድን አስመልክቶ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ጥገኝነትንና የማቋረጥ ሕመምን አስመልክቶ ደግሞ በ2020 በሳጥን የታጠረ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲታተም አድርጓል። ለወገብ ሕመም ትራማዶል የሚወስድ ሰው ይህን የሚያውቀው ሲነገረው ብቻ ነውና ለሐኪሙ ይንገር።

ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የሚወስዱም ይጠንቀቁ፤ ድብታው ይደራረባል። የቲቢ ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች ጉዳይ ደግሞ ለየት ይላል፦ አይሶናያዚድ ዳያዚፓም በሰውነት ውስጥ እንዲቆይ ሲያደርግ፣ ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ቶሎ እንዲወጣ ያደርገዋል። የጨጓራ መድኃኒቶቹ ኦሜፕራዞልና ሲሜቲዲን፣ የፈንገስ መድኃኒቱ ፍሉኮናዞልም መጠኑን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ።

የጫትን ነገር ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል። ቀን ቅሞ ማታ ምርቃናውን ለማብረድ ዳያዚፓም የሚውጥ፣ አንዳንዴም ከጨብሲው ጋር የሚደርብ ሰው አለ። ይህ ሰው የሚያክመው ጭንቀቱን ሳይሆን ጫቱን ነው፤ ፍሬው ያደከመውን ሰውነት በነጋታው ለማንቃት ጫቱ ይጨመራል፣ ጫቱ የነፈገውን እንቅልፍ ለመመለስ ደግሞ ፍሬው ይጨመራል። እንዲህ ባለው ኑሮ የትኛውም ማዘዣ ውጤት አያመጣም።

አቋራረጡ

መድኃኒቱን ለሳምንታት በየዕለቱ የወሰደ ሰው፣ በታዘዘለት ልክ ቢወስድም እንኳ፣ ሰውነቱ ሊለምደው ይችላል። ይህ የጠባይ ብልሹነት ስላልሆነ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ምልክቱ የቀድሞው መጠን አልበቃ ማለቱ፣ የመውሰጃው ሰዓት ሲያልፍ መረበሽ፣ ፍሬው እንዳያልቅ አስቀድሞ መጨነቅ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው በድንገት ካቆመ ጭንቀቱ ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል፤ እንቅልፍ ማጣት፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥና የልብ ምት ይከተላሉ፤ በከፋ ሁኔታም እንደ ሚጥል በሽታ ያንፈራግጠዋል፣ ወይም አእምሮው ይቃዣል። ዳያዚፓም በዝግታ ስለሚወጣ ይህ ሁሉ ካቆሙ በኋላ እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ሊመጣ ይችላል። በሳምንቱ ደህና ነኝ ያለ ሰው በ2ኛው ሳምንት ሲወድቅ ማንም ከመድኃኒቱ ጋር አያያይዘውም። ወደ ጠበል የሚሄዱ ሰዎች መድኃኒታቸውን አስቀምጠው መሄዳቸው የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው፤ ጠበሉን እየተጠመቁ መድኃኒቱን እንደታዘዘው መቀጠል ይቻላል፣ መቆም ካለበትም በሐኪም እጅ ቀስ እያለ ይቁም።

የተለመደው አቀናነስ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ 1 ወይም 2 ሚሊግራም ማውረድ ነው። በቀን 3 ጊዜ 5 ሚሊግራም፣ በድምሩ 15 ሚሊግራም የሚወስድ ሰው በየ2 ሳምንቱ 2 ሚሊግራም ቢቀንስ ወደ 4 ወር፣ 1 ሚሊግራም ብቻ ቢቀንስ ደግሞ ወደ 7 ወር ይፈጅበታል። እዚህ ላይ አንድ ተግባራዊ ችግር አለ፦ የ5 ሚሊግራሙ ፍሬ ለሁለት ሲከፈል 2.5 ሚሊግራም ነው የሚሆነው፤ ለመቀነሻ የሚመቸው የ2 ሚሊግራሙ ስለሆነ ይኖር እንደሆነ መድኃኒት ቤቱን ይጠይቁ። ከሌለ ሐኪሙ በእያንዳንዱ ቅነሳ መካከል ያለውን ጊዜ ሊያራዝመው ይችላል። አንዱ ደረጃ ከከበደዎ እዚያው ላይ ጥቂት መቆየት ይቻላል፤ ወደ ላይ መመለስ ግን ሥራውን ያራዝመዋል።

በሻንጣ የሚመጣና በሻንጣ የሚሄድ

ከውጭ የመጣ ዘመድ «ይኼ ጥሩ ነው» ብሎ የሚሰጠው አልፕራዞላም፣ ማለትም ዛናክስ፣ ትንሽ ቁጥር ስለተጻፈበት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን 0.25 ሚሊግራም አልፕራዞላም ከ5 ሚሊግራም ዳያዚፓም ጋር ይስተካከላል፤ 1 ሚሊግራም ያለበት አንድ ፍሬ በግምት የ20 ሚሊግራም ዳያዚፓም ጉልበት አለው። ለሎራዜፓም ደግሞ ግማሽ ሚሊግራም ከ5 ሚሊግራም ዳያዚፓም ጋር ይመጣጠናል። በሚሊግራሙ ቁጥር ብቻ አንዱን በሌላው መተካት አደገኛ ነው።

ዳያዚፓም እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ በአገራችንም ያለ ማዘዣ መሸጡ ሕገ ወጥ ነው። በተለይ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚጓዝ ሰው ይጠንቀቅ፦ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ቁጥጥር የሚደረግበትን መድኃኒት ይዞ ለመግባት ቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ መያዝ እስከ መታሰር ሊያደርስ ይችላል። ለእህት ወይም ለጎረቤት ልጅ አድርሱልኝ ተብሎ የተሰጠ ፍሬም ከዚህ አያመልጥም።

ብዙ ከተወሰደ

ሰውየው ሲጠሩት የማይነቃ፣ የሚያንኮራፋ ዓይነት ቀርፋፋ ትንፋሽ ያለው ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ከሆነ ጊዜ የለም። በጎኑ ያስተኙት፤ ለማስመለስ አይሞክሩ፤ ወተትም ቡናም አይስጡ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ በአሜሪካ የድንገተኛ ጥሪ በ911፣ በእስራኤል በ101 ይገኛል። ባዶውን ማሸጊያና አብሮ የተወሰደ ሌላ መድኃኒት ካለ ይዘው ይሂዱ። ፍሉማዜኒል የሚባል ማርከሻ ቢኖርም፣ ለረጅም ጊዜ ዳያዚፓም ሲወስድ በቆየ ሰው ላይ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ስለሚችል ሐኪሞች ወዲያው አይሰጡትም፤ ስለዚህ ታማሚው መድኃኒቱን ለምን ያህል ጊዜ ሲወስድ እንደቆየ ለሐኪሙ መጀመሪያ ይንገሩ።